በፈረስ የመጣችው ነርስ፦ የሜሪ ብሬክንሪጅ ሕይወትና ዛሬም ያልተቋጨው የፈቃድ ክርክር

አሜሪካ ያላችሁ ነርስ ወዳጆቻችን ይህን ጉዳይ ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ። አንዲት ነርስ ዓመታት ሠርታ፣ እንደገና ትምህርት ቤት ገብታ፣ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት ይዛ ነርስ ፕራክቲሽነር ትሆናለች። ሕመምተኛ ትመረምራለች፣ በሽታውን ትለያለች፣ መድኃኒት ታዛለች። ታዲያ አንዱ ስቴት ውስጥ ይህን ሁሉ በራሷ ፈቃድ ስትሠራ ከቆየች በኋላ ወደ ሌላው ስቴት ስትዛወር ሐኪም የፈረመበት ውል ካልያዘች መሥራት አትችልም። ሜሪላንድ ላይ የተፈቀደላት ቴክሳስ ላይ ይከለከላል። ዕውቀቷ ያው ነው፣ እጇም ያው ነው። የተለወጠው ሕጉ ብቻ ነው።

ይህ ክርክር የትናንት አይደለም። ሥሩ ወደ 100 ዓመት ይጠጋል። የዛሬው ታሪካችን የክርክሩን መልስ በወረቀት ሳይሆን በፈረስ ጀርባ ላይ ሆና ልታሳይ ስለተነሳች ሴት ነው። ሜሪ ብሬክንሪጅ ትባላለች። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትልቅ ሰው ልጅ

ሜሪ የተወለደችው በየካቲት 1881 በቴነሲ ስቴት ሜምፊስ ከተማ ነው። ቤተሰቧ ስም ያለው ነበር። አያቷ ጆን ብሬክንሪጅ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በኋላም በእርስ በርስ ጦርነቱ ከደቡቦቹ ጋር ተሰልፈው ጄኔራል ሆነዋል። አባቷ የምክር ቤት አባል ነበሩ። ከዚያ ደግሞ በሩሲያ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆነው ስለተሾሙ ሜሪ የልጅነቷን የተወሰነ ጊዜ ያሳለፈችው በሴንት ፒተርስበርግ ነው። ትምህርቷንም በስዊዘርላንድና በአሜሪካ ጥሩ በሚባሉ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ተከታትላለች።

በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ሴት የሚጠበቅባት አንድ ነገር ነበር፦ ጥሩ ባል ማግባት። እሷም አደረገችው። በ1904 አንድ ጠበቃ አገባች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባሏ ታሞ ሞተ። ገና በ25 ዓመቷ ባሏ የሞተባት ሴት ሆነች።

ቤት ቁጭ ብላ ማልቀሱን አልመረጠችም። ኒው ዮርክ ሄዳ የሴንት ሉክስ ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1910 ተመረቀች። ለትልቅ ቤተሰብ ልጅ የሌላ ሰው ቁስል ማጠብና አልጋ ማንጠፍ በጊዜው እንደ ክብር የሚታይ ሥራ አልነበረም። እሷ ግን ሥራዋን አገኘች።

ሁለት ሬሳ ሣጥን

በ1912 ለሁለተኛ ጊዜ አገባች። ባሏ በአርካንሶ የአንድ የሴቶች ኮሌጅ ኃላፊ ነበር። በ1914 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ብሬኪ እያለች ትጠራዋለች። በ1916 ሴት ልጅ መጣች። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ ስለተወለደች ያደረችው በዚህ ዓለም አልነበረም፤ በሰዓታት ውስጥ አረፈች። በጥር 1918 ደግሞ ብሬኪ አራተኛ ዓመቱን ባከበረ በቀናት ውስጥ ታሞ ሞተ።

እናት የሆናችሁ ይህን ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ እናውቃለን። ሜሪ ሁለቱን ልጆቿን በሁለት ዓመት ውስጥ ቀበረች። ትዳሩም ከዚያ ወዲያ አልቆመም። ተፋታች፣ የአባቷን ስም መልሳ ወሰደች። የቀረ ዕድሜዋን በሙሉ ለሌሎች ሰዎች ልጆች ለመስጠትም ወሰነች። ከዚህ በኋላ የሠራችው ሁሉ ከነዚያ ሁለት መቃብሮች የተነሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው የ1918ቱ ወረርሽኝ ዋሽንግተንን ሲያምሳት እሷ እዚያ ነርስ ሆና ትሠራ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ደግሞ ጦርነት ወዳወደመው የፈረንሳይ ገጠር ሄደች። መንደሩ ፈርሷል፣ ላሞቹ አልቀዋል፣ ሕፃናቱ ወተት የላቸውም። ሜሪ ለአሜሪካ ወዳጆቿ እየጻፈች ለፍየል መግዣ ገንዘብ አሰባሰበች። የፍየል ወተት ለሕፃናቱ ደረሰ።

ሕይወቷን የቀየረው ግን ሌላ ነገር ነው። አውሮፓ ውስጥ ነርስነትንም አዋላጅነትንም የተማሩ ሴቶችን አየች። እነዚህ ሴቶች ነፍሰ ጡሯን ከመጀመሪያው ወር ጀምረው ይከታተላሉ፣ ያዋልዳሉ፣ አራሷንና ሕፃኑን ይጠብቃሉ። ሐኪም የሚጠሩት ነገሩ ከአቅም በላይ ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ባለሙያ አልነበረም ማለት ይቻላል። አዋላጅ ማለት በልምድ የምትሠራ የሰፈር እናት ነበረች፤ ነርስ ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን ብቻ የምትፈጽም። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማገናኘት እንደሚቻል ያየችው ፈረንሳይና እንግሊዝ ላይ ነው።

ተራራው ላይ ሐኪም የለም

አገሯ ተመለሰችና በ1923 ክረምት ፈረስ ላይ ወጥታ የምሥራቅ ኬንታኪን ተራሮች ዞረች። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ መንገዱ የወንዙ ወለል ነው። ሌስሊ በምትባለው ካውንቲ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር፤ ፈቃድ ያለው ሐኪም ግን አንድም አልነበረም። ቤት ለቤት እየዞረች 53 የልምድ አዋላጆችን አነጋገረች። አማካይ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ገደማ ነበር። አብዛኞቹ ምንም ሥልጠና አላገኙም። ምጥ ሲጠና፣ ደም ሲፈስ፣ እንግዴ ልጅ አልወጣ ሲል የሚደረስለት ሰው የለም።

የዛሬው ክርክር ዋና ነጥብ እዚህ ጋ ነው። ነርስ ብቻዋን ማከም የለባትም፣ ሐኪም ሊቆጣጠራት ይገባል የሚለው ሐሳብ ሐኪም ባለበት ቦታ ጥሩ ሊመስል ይችላል። ሐኪም በሌለበት ተራራ ላይ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። እዚያ አማራጩ ነርስ ወይስ ሐኪም አይደለም። ነርስ ወይስ ማንም ነው።

በመጀመሪያ ያቀረበችው ዕቅድ ተቀባይነት አላገኘም። ተስፋ አልቆረጠችም። እሷ ራሷ አዋላጅ አልነበረችምና ለንደን ሄዳ በዎልዊች በሚገኝ የእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ተማረች፤ በ1924 የእንግሊዝን የአዋላጅነት ፈቃድ አገኘች። በ40ዎቹ ዕድሜዋ ላይ እንደገና ተማሪ ሆነች ማለት ነው። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ደጋማና ደሴታማ አካባቢዎች ወጣች። ያ አገር እንደ ኬንታኪ ተራራማ ነው፣ ሕዝቡም የተበታተነና ድሃ ነው። መንግሥት ግን ነርሶችን በየአካባቢው አስቀምጦ፣ ከሐኪምና ከሆስፒታል ጋር አስተሳስሮ አገልግሎቱን ዘርግቶ ነበር። ሜሪ የምትፈልገውን ሥዕል በዓይኗ አየች።

በ1925 ኬንታኪ ተመልሳ ድርጅቷን መሠረተች። ከ1928 ጀምሮ ፍሮንቲየር ነርሲንግ ሰርቪስ ተባለ። ስሙን ልብ በሉት፦ የሐኪሞች ሳይሆን የነርሶች አገልግሎት ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራ ነበር?

አካባቢው በክፍል በክፍል ተከፈለ። በየክፍሉ መሀል የነርሶች ጣቢያ ተሠራ። ከጣቢያው እስከ ዳር ያለው ርቀት ነርሷ በፈረስ በአንድ ሰዓት ገደማ እንድትደርስ ተደርጎ የተለካ ነው። በዓመታት ውስጥ አገልግሎቱ ወደ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ተራራማ ቦታ ሸፈነ።

ነርሶቹ ኮርቻው ላይ ሁለት ዓይነት ከረጢት ይጭናሉ፤ አንዱ ለማዋለድ፣ አንዱ ለአጠቃላይ ሕክምና። ነፍሰ ጡሯን እየደጋገሙ ይጎበኛሉ። ከወሊድ በኋላም ለቀናት ይመላለሳሉ። በዚያው ጉዞ የቤቱን ሰው ሁሉ ያያሉ፦ አያትየው ሳል አለባቸው፣ ልጁ ትል አለበት፣ ሕፃኗ ክትባት አልወሰደችም። ታይፎይድና ዲፍቴሪያ ይከላከላሉ፣ የውኃ ጉድጓድና የመጸዳጃ ቤት ነገር ያስተምራሉ። ሜሪ የደነገገችው ደንብ ቀላል ነበር፤ ባል ነርሷን ለመጥራት እስከ ጣቢያው መድረስ ከቻለ ነርሷም እሱ በመጣበት መንገድ ወደ ሚስቱ መድረስ አለባት። በረዶ ይሁን፣ ወንዝ ይሙላ፣ ሌሊት ይሁን።

ክፍያውስ? ለአንድ ወሊድ 5 ዶላር፣ ለቤተሰብ ሕክምና በዓመት 1 ዶላር። ገንዘብ የሌለው በድርቆሽ፣ በዶሮ ወይም በጉልበቱ ይከፍላል። የሚቀረውን ሜሪ በየትልልቅ ከተማው እየዞረች ከባለጸጋ ወዳጆቿ ትለምናለች። የአያቷ ስም እዚህ ላይ ጠቀማት።

ሐኪሞቹስ የት ነበሩ? ይህ ጥያቄ ወሳኝ ነው። ሜሪ ሐኪም አያስፈልግም ብላ አታውቅም። በሌክሲንግተን ከተማ ያሉ ሐኪሞች አማካሪ ኮሚቴ አቋቁመው ነርሶቹ ምን ምን ማድረግ እንደሚችሉ፣ የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደሚሰጡ፣ መቼ ሐኪም መጥራት እንዳለባቸው በጽሑፍ አስቀመጡላቸው። ነርሷ ያንን መመሪያ ይዛ በቦታው ራሷ ትወስናለች። በ1928 ሃይደን ከተማ ላይ ትንሽ ሆስፒታል ተከፈተ። ከአቅም በላይ የሆነ ሰው በቃሬዛ ተሸክመው ያወርዱታል። ውሳኔው ሕመምተኛው አጠገብ ላለችው ሰው ተሰጠ፤ ሐኪሙም ለከበደው ጉዳይ ተጠበቀ። ባጭሩ አሠራሩ ይሄ ነው።

ቁጥሩ ተናገረ

ሜሪ ብልህ ነበረች። ሥራዬ ጥሩ ነው ብላ ማውራት ብቻውን እንደማይበቃ ታውቃለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ወሊድ በመዝገብ ይያዝ ነበር። መዝገቡን ለሜትሮፖሊታን የሕይወት መድን ድርጅት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ሰጠች። እነሱ የሷ ሠራተኞች አይደሉም፣ የሚያዳሉበትም ምክንያት የለም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ 1,000 ወሊዶች ሲመረመሩ በቀጥታ በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት የሞተች አንዲት እናት አልተገኘችም። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በአጠቃላይ ከ1,000 ወሊድ ከ6 በላይ እናቶች ይሞቱ ነበር። በጊዜው ከነበሩት ድሃ አካባቢዎች አንዱ፣ መብራትና መንገድ በሌለበት፣ አብዛኛው ወሊድ በጭቃና በግንድ ቤት ውስጥ እየተካሄደ፣ ከትልልቆቹ ከተሞች የተሻለ ውጤት አመጣ። ከ1925 እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ያለው ሲደመርም ልዩነቱ አልጠፋም፤ በተራሮቹ ላይ ከ10,000 ወሊድ ወደ 9 እናቶች ሲሞቱ በአገር ደረጃ ወደ 34 ነበር።

በእርግጥ ይህ ሁሉ በቀላሉ አልመጣም። በ1929 የኢኮኖሚው ቀውስ ሲመጣ መዋጮው ደረቀ። ነርሶቹ ደመወዛቸው ተቀንሶ፣ አንዳንዴም ሳይከፈላቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። በ1931 ሜሪ ራሷ ከፈረስ ወድቃ የጀርባ አጥንቷ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የድጋፍ ቀበቶ ሳታደርግ መንቀሳቀስ አልቻለችም። ሥራውን ግን አልተወችም።

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሌላ ፈተና መጣ። ብዙዎቹ አዋላጅ ነርሶቿ እንግሊዛውያን ነበሩ፤ አገራቸውን ለመርዳት ተመለሱ። አሜሪካዊ ነርሶችን ወደ እንግሊዝ ልኮ ማሠልጠንም አይቻልም። ታዲያ ሜሪ ምን አደረገች? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሃይደን ውስጥ የራሷን የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ከፈተች። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ሁለት ብቻ ነበሩ።

ያልተነገረው ጎን

ታሪክ ስንናገር ማር ማር የሚለውን ብቻ መርጠን አናወራም። ሜሪ የዘመኗና የመደቧ ልጅ ነበረች። የዘር መለያየትን የምታምን ሰው ነበረች። ለጋሾችን ስትለምን የተራራው ሕዝብ የጥንት የእንግሊዝ ዘር ነው እያለች ነበር ኪሳቸውን የምታስከፍተው። በሷ ዘመን ጥቁር ነርሶች በድርጅቱ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ዛሬ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የምትሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች በዚያ ዘመን ብትወለዱ ኖሮ በሩ ለናንተም ዝግ ነበር።

የልምድ አዋላጆቹንም በሙሉ ዓይን አላየቻቸውም። ለትውልዶች መንደራቸውን ያገለገሉ እናቶች ነበሩ፤ እሷ ግን እንደ ችግር እንጂ እንደ ባልደረባ አልቆጠረቻቸውም። የሴቶችን ሙያ ከፍ ያደረገች ሴት ሌሎች ሴቶችን ወደ ጎን ገፍታለች። ሁለቱም እውነት ነው።

እሷ ስታልፍ የተወለደው ሙያ

ሜሪ ብሬክንሪጅ በግንቦት 1965 በ84 ዓመቷ ዌንዶቨር በተባለው ግንድ ቤቷ ውስጥ አረፈች። የሚገርመው በዚያው ዓመት በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ጀመሩ። ምክንያታቸው የሜሪ ምክንያት ነበር፤ በገጠርና በድሃ ሰፈር ልጆችን የሚያይ ሐኪም አልነበረም። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1970፣ ሜሪ የከፈተችው ትምህርት ቤት ራሱ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነሮችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ ፍሮንቲየር ነርሲንግ ዩኒቨርሲቲ ይባላል።

ክርክሩ ግን አልሞተም። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአሜሪካ ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች ሙሉ ፈቃድ ሰጥተዋል። ሜሪላንድ በ2015 ተቀላቅላለች። ሌሎቹ የሐኪም ውል ወይም ቁጥጥር ይጠይቃሉ። የሐኪሞች ማኅበራት የሚያነሱት ነጥብ ቀልድ አይደለም፤ ሐኪም የሚማረውና በሥልጠና የሚያሳልፈው ጊዜ በጣም ይበልጣል፣ ያልተለመደ በሽታ ሲመጣ ያ ልዩነት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል ይላሉ። ነርሶቹ ደግሞ ውሉ ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው ይላሉ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን አያየውም፣ አንዳንዱ በየወሩ ክፍያ ይቀበላል፣ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት ክሊኒኩ ይዘጋል፣ ሕመምተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። በ2000 በኒው ዮርክ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ከ1,300 በላይ ሰዎችን በዕጣ ለነርስ ፕራክቲሽነርና ለሐኪም አከፋፍሎ ከስድስት ወር በኋላ ሲያያቸው በጤናቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ በርካታ ስቴቶች የቁጥጥሩን ሕግ ለጊዜው አንስተውት ነበር። ሰው ሲያስፈልግ ይቻላል የተባለው ነገር ወረርሽኙ ሲያልፍ አይቻልም ሲባል ነርሶቹ ቢናደዱ አይፈረድባቸውም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ሜሪ ፈረስ የጋለበችበት ኬንታኪ ራሱ ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ከቀሩት ውስጥ መሆኑ ነው። በ2014 በወጣ ሕግ ነው እዚያ አራት ዓመት በሐኪም ውል የሠራ ነርስ ፕራክቲሽነር ቁጥጥር የማይደረግባቸውን መድኃኒቶች ያለ ውል ማዘዝ የቻለው። ሜሪ ካረፈች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው።

እኛስ?

ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሐኪም በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች በቡድን እየሠለጠኑ ወደ ጤና ጣቢያ ተላኩ። ጤና መኮንኑ መርምሮ ይወስናል፣ ያክማል። በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ፤ በቀዶ ጥገና የሠለጠኑ ጤና መኮንኖችም በገጠር ሆስፒታል እናቶችን በኦፕሬሽን ማዋለድ ጀመሩ። በገጠር ያደገ ሰው ዶክተር ብሎ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጤና መኮንኑን ወይም ነርሱን ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው በሩን ሲያንኳኳ የከፈተለትን ሰው ነው።

ከሜሪ ሕይወት የሚወሰደው ትምህርት ግን ነርስ ሁሉ ብቻዋን ትልቀቅ የሚል አይደለም። ውጤቱን ያመጣው ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ጥሩ ሥልጠና ነበር፣ ግልጽ የጽሑፍ መመሪያ ነበር፣ ከአቅም በላይ ሲሆን የሚላክበት ሆስፒታል ነበር፣ እያንዳንዱን ወሊድ የሚመዘግብ ደብተርም ነበር። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ያ ቁጥር አይመጣም። ፈቃድ ያለ ሥልጠና አደጋ ነው፤ ሥልጠና ያለ ፈቃድ ደግሞ ብክነት ነው።

ስለዚህ ማን ማከም ይችላል የሚለው ክርክር ሲነሳ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሌሊት፣ ምጥ የያዛት እናት አጠገብ ማን ሊደርስ ይችላል የሚለው ነው። ሜሪ ብሬክንሪጅ ይህን ጥያቄ ከ100 ዓመት በፊት አንስታ፣ ፈረሷን ጭና ወጣች።

በሙያው ያላችሁ፣ አገር ቤትም ሆነ ውጭ፣ በናንተ የሥራ ቦታ ነገሩ ምን እንደሚመስል ከታች አካፍሉን። ሰላም ሁኑ።